አራት ሴንቲ ሜትር ትሕትና

ለክቡር የቤተ መንግሥት የሥነ ሥርዓት ሹም
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ዓመት በቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ሳሉ ወገብዎን በመዳፍዎ ደገፍ ሲያደርጉ አይቼ ነበርና፣ ብዙ መቆም ለማንም እንደማይስማማ በዚያው ዕለት ስለ ተረዳሁ ከልቤ ነው የምጠይቀው። ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎችዎ፣ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «እንመለስበታለን» ብለው የሚዘጉት ጨዋ ሴትዮ፣ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም ይህንኑ በዚሁ ቅደም ተከተል እነግረዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በኩል የምጽፍልዎ በቀጥታ የላክኋቸው ስድስት ደብዳቤዎች ሳይደርሱዎ ቀርተው አይደለም። በስድስቱም ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤትዎ ማኅተም በጥሩ ቀለም ተመትቶበታል። ስለ ማኅተሙ ጥራት ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ጋዜጣውን ለሚያነብ ሰው ማንነቴን ልናገር። በሚዛንና መለኪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለሃያ ስምንት ዓመት ያገለገልኩ መርማሪ ነኝ። በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጥንቼ፣ ከዚያ ወዲህ የሥጋ ቤቱ ሚዛን፣ የፋርማሲው ሚዛን፣ የጨርቅ ቤቱ ሜትር ልኩን መጠበቁን ሳረጋግጥ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ በግርማዊነታቸው አባት ስም በተሠራውና ቤተ መንግሥቱ በበላይነት በሚጠብቀው ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ማዋሻ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ባለፈው ዓመት ለሁለት ክረምት ሲያንጠባጥብ የከረመው የንባብ አዳራሹ ጣሪያ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲወድቅ ከሞቱት አሥራ አንድ ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ከሚያንጠባጥበው ሥር ባልዲ የምታስቀምጠውም እሷ ነበረች። ሲሞላ የምትደፋውም እሷ ነበረች።

አሁን ስለዚያ ሰሞን ፊልም ተሠርቷል። በሕዝብ ግፊት መካከል ስለ ቆመ ዘመናዊ ንጉሥ የሚተርክ፣ አልቅሰው የወጡ ሰዎች ለወዳጆቻቸው «ሶፍት ይዛችሁ ግቡ» የሚሉለት ፊልም ነው። መጨረሻው ላይ ስሞች ሲያልፉ «የሥነ ሥርዓት አማካሪ» ከሚለው ቀጥሎ የእርስዎ ስም ስላለ፣ ምስጋናዬም አቤቱታዬም ወደ እርስዎ ይሁን ብያለሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። አላለቀስኩም። በሁለተኛው ጊዜ ሰዓትና እርሳስ ይዤ ገባሁ። ያገኘሁትን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. በፊልሙ ውስጥ ሕዝቡ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ሻማና አበባ ሲያስቀምጥ ይታያል። እጅግ ያምራል። በእውነቱ ግን አንድም ሻማ አልነበረም፤ ሰዎች ያመጡት መጽሐፍ ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ተውሰው የነበሩ ሰዎች የመመለሻ ቀናቸው ደረሰ፣ መመለሻው ደግሞ ፈርሷል። የት ይሂዱ? የቤተ መጻሕፍቱ የበላይ ጠባቂ ወዳለበት ሄደው በአጥሩ ሥር ደረደሩት። በሁለተኛው ቀን ክምሩ እስከ ጉልበት ደረሰ፣ በአምስተኛው ቀን እስከ ደረት። ጠባቂዎችዎ ነገሩ አመፅ መስሏቸው መጽሐፎቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ፈተሹ። ያገኙት በባለቤቴ እጅ የተጻፈ የመመለሻ ቀን ነበር። አንድ ሽማግሌ የዘጠኝ ዓመት ውዝፍ ያለበትን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አምጥተው፣ «እሷ በስልክ ስትጨቀጭቀኝ ኖራ እምቢ ያልኳትን አሁን አመጣሁ፤ ምን ዋጋ አለው!» ብለው ሲያለቅሱ ቆሜ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ በዕድሜዋ ሙሉ ለምና ያላገኘችውን በዘጠኝ ቀን አስመለሰች። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ወደ ሻማ የለወጡት መጽሐፍ ለካሜራ ስለማይበራ ይሆናል፤ እረዳቸዋለሁ።

2ኛ. እንደ ፊልሙ ከሆነ ግርማዊነታቸው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም ያሉት ሐዘናቸው ጥልቅ ስለሆነ ነው። ተዋናዩ በመስኮት አጠገብ ይመላለሳል፣ ዝናብ ያያል፣ ምግቡን ሳይነካ ይመልሳል፣ ከእናቱ ጋር ይጣላል። ዘጠኙ ቀን የሄደበትን ጉዳይ ግን እርስዎና እኔ እናውቃለን። በሥርዓታችሁ መሠረት ንጉሥ ባለበት ክፍል ማንም አይቀመጥም። የባለቤቴ እናት ደግሞ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ከባለቤቴ በቀር ልጅ አልነበራቸውም፤ አንዴ ከተቀመጡ ለመነሣት ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሊይዛቸው ይገባል። ግርማዊነታቸው ከሟቾቹ ቤት በአንዱ እንዲገኙ ተወስኖ የእኛ ቤት ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ በመሆኑ በተመረጠ ጊዜ፣ በሦስተኛው ቀን እርስዎ ራስዎ ደውለው «እናትየዋ ይነሣሉ ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ልጃቸው እንደ ሞተችባቸው ነገርኩዎት። «ገብቶኛል፤ ይነሣሉ ወይ?» አሉኝ።

ጥያቄውን ለአማቴ አደረስኩ። «ተቀምጬ ነው የማለቅሰው በለው። ቆሞ ማልቀስ የሚያምረው ካለ እዚያው ቤቱ ያልቅስ» አሉኝ። ይህን ትንሽ አለስልሼ አስተላለፍኩ። በአምስተኛው ቀን መልሰው ደወሉ፤ መዝገብ አስገላብጠው ግርማዊነታቸው ሆስፒታል ሲጎበኙ የተኛ በሽተኛ እንደማይነሣ፣ የተኛም ሰው ተቀምጧል እንደማይባል አግኝተው ነበርና፣ አማቴ ለአራት ደቂቃ ያህል አልጋ ላይ ጋደም ቢሉ እንደሚሻል አሳሰቡኝ። ይህንንም አደረስኩ። አማቴ «እኔ ገና አልሞትኩም በለው» አሉ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው ያን ጊዜ ነው፤ የሳቁትም እሳቸው ናቸው፤ ለዚህ ባለውለታችን ነዎት።

እንግዲህ በውጭ ሕዝቡ «ንጉሡ የት አሉ?» እያለ ሲጮኽ፣ ጋዜጦች ሲቆጡ፣ በውስጥ ደግሞ የአገሪቱ የሥነ ሥርዓት ሊቃውንት አንዲት አሮጊት እንዴት እንደሚቆሙ ይመክሩ ነበር። ፊልሙ ይህን ምክክር መዝለሉ ያሳዝናል። ዝናቡ ላይ ከጠፋው ጊዜ ግማሹ ይበቃው ነበር።

3ኛ. በስምንተኛው ቀን መፍትሔው ተገኘ። ሦስት ሰዎች በጭነት መኪና መጡ። ሳሎናችንን ለኩ፤ ሲለኩ ሜትሩን ዘንበል አድርገው ይዘው ስለነበር አርሜአቸዋለሁ። ከዚያ ሶፋውን፣ አሥራ አንዱን ወንበር፣ የማድ ቤቱን በርጩማ ሳይቀር አውጥተው ጫኑ። መቀመጫ ከሌለ የሚቀመጥ አይኖርም። ይህን ያህል የቀና አስተሳሰብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ገጥሞኝ አያውቅም። ደረሰኝ እንዲሰጡኝ ስጠይቅ ከሦስቱ ትልቁ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ቤተ መንግሥት ወንበር ይሰርቃል ብለው ነው?» አለኝ። አላልኩም። «በውሰት ነው፤ ነገ ይመለሳል» አለ። በውሰት በሚለው ቃል በቤታችን ቀልድ አናውቅም ነበርና አመንኩት።

በማግሥቱ ግርማዊነታቸው ሃምሳ ደቂቃ ዘገዩ። አማቴ ያንን ሃምሳ ደቂቃ በአንድ ወገን በእኔ፣ በሌላው ወገን በፍሪጁ ተደግፈው ቆሙ። ፍሪጁ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር። በኋላ ግርማዊነታቸው ገቡ። ሳልሸሽግ የምናገረው፣ ፊታቸው የደከመ ሰው ፊት ነበር። አማቴን አዩና በለሆሳስ «እናቴ፣ ለምን አይቀመጡም?» አሏቸው።

አማቴ ባዶውን ሳሎን ዙሪያውን ተመለከቱ። ከዚያ «ምን ላይ?» አሉ።

ግርማዊነታቸውም ዙሪያውን ተመለከቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋሉት ይመስለኛል። ወደ እርስዎ ዞሩ፤ እርስዎ ወደ ሰዓትዎ ዞሩ። ጉብኝቱ በሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ተፈጸመ። በፊልሙ ውስጥ «እናቴ፣ ለምን አይቀመጡም?» የሚለው ንግግር አንድም ቃል ሳይጎድል አለ። «ምን ላይ?» የሚለው የለም። አማቴን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት እንባዋን አብሳ በሰፊ ሶፋ ላይ በምስጋና ትቀመጣለች።

4ኛ. ወደ ዋናው ጉዳዬ ደርሻለሁ። ሶፋው፣ በርጩማውና አሥሩ ወንበሮች ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። አሥራ አንደኛው አልተመለሰም። ያ ወንበር የባለቤቴ ነው። ባለቤቴ አጭር ነበረች፤ በሌላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይደርስም ነበር። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት የአንዱን ወንበር አራት እግሮች አራት አራት ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩላት፤ የመቀመጫው ከፍታ ከአርባ ስድስት ወደ አርባ ሁለት ወረደ። ማታ ማታ እቤት የምታመጣቸውን የተቀደዱ መጻሕፍት እዚያ ላይ ተቀምጣ ትጠግን ነበር። ነገር ግን እኔ የመለኪያ ሰው ሆኜ ሳለ የኋላውን የግራ እግር ሁለት ሚሊ ሜትር አሳልፌ ቆርጬው ወንበሩ ይንገጫገጭ ጀመር። «የአገሩን ሚዛን ታቃናለህ፣ የእኔን ወንበር ታንሻፍፋለህ» ብላ ለጎረቤቱ፣ ለመሥሪያ ቤቷ፣ ለእናቷ ሁሉ አወራችብኝ፤ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ወሬ ሳታነሣ የቀረችበት ቀን የለም። በመጨረሻ ልኩን በመሳቱ ከሥራ የተወገደ ስስ የናስ መለኪያ ከመሥሪያ ቤት አምጥቼ ከአጭሩ እግር ሥር በብሎን አሰርኩት። ልክ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። የውድቅ ምልክታችን በላዩ ላይ ተመትቶበታል። ወንበሩ ከዚያ በኋላ አልተንገጫገጨም።

አማቴም ቁመታቸው እንደ ልጃቸው ነው። በቤታችን እግራቸው መሬት የሚነካበት ወንበር ያ ብቻ ነበር። አሁን በሌላው ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይውልና ወደ ማታ ያብጣል። የካርቶን ሣጥን ከሥሩ አደርግላቸዋለሁ፤ ካርቶኑ በሳምንቱ ይጨፈለቃል፤ ሌላ አመጣለሁ። ስለ ወንበሩ ስድስት ጊዜ ጽፌ አንድ ጊዜ መልስ አግኝቻለሁ፤ «በመዝገባችን እንዲህ ያለ ወንበር የለም» ይላል። ሰው መልስ በማግኘቱ ብቻ ማመስገን አለበት፤ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን አየሁ። በስድሳ ስምንተኛው ደቂቃ ንጉሡን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ከሶፋው አጠገብ አንድ ወንበር ሳብ አድርጎ ከአሮጊቷ ፊት ይቀመጣል። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቶቹ ወደ ደረቱ ይወጣሉ፤ ከእሷም በታች ሆኖ ቀና ብሎ ያያታል። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ መንሰቅሰቅ ጀመረ። እኔ የኋላውን የግራ እግር ነበር የማየው። ካሜራው ወረድ ሲል ከእግሩ ሥር ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። በሁለተኛው ጊዜ ሰዓቴን ይዤ አረጋገጥኩ፤ ስድሳ ስምንት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ ላይ ነው። ከመጨረሻዎቹ ስሞች መካከልም «የቤት ዕቃዎች፦ ከቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት በውሰት» የሚል አነበብኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ጋዜጦቹ የጻፉትን አይተዋል። «ራሱን ከሕዝቡ በታች ያደረገ ንጉሥ» ብለው ያወደሱ አሉ። አንዱ ሐያሲ ስለዚያች ትዕይንት ብቻ ሁለት ዓምድ ጽፏል። ለአንድ ዓመት በግርማዊነታቸው ላይ ሲጮኽ የነበረው ሕዝብ አሁን ልቡ ራርቷል፤ በሥራ ቦታዬ እንኳ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ምን ይደረግ፣ ሰውዬው ተጸጽቷል» አለኝ። የተጸጸተውን የት እንዳየ ስጠይቀው ፊልሙ ላይ አለኝ። ይህ ሁሉ ትሕትና፣ በባለሙያ ምርመራ ስለካው፣ አራት ሴንቲ ሜትር ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የቆረጥኩትም ለሌላ ሰው እግር ነው።

5ኛ. ቅዳሜ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ የፊልሙ ዕቃዎች ኤግዚቢሽን እንደሚከፈት ሰማሁ። በማስታወቂያው ላይ የባለቤቴ ወንበር ፎቶ አለ፤ ሥሩ ላይ «የትሕትና ወንበር» ተብሎ ተጽፏል። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃም ለዘለቄታው በሙዚየም፣ በመስታወት ውስጥ እንደሚቀመጥ ይናገራል። በመዝገብ የሌለ ወንበር በመስታወት ውስጥ ሲኖር ማየት ለእኔ ለመለኪያ ሰው አዲስ ትምህርት ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ጣሪያው ሌሎች ይጠይቃሉ፤ መጠየቅም አለባቸው፤ እኔም በቦታው እጠይቃለሁ። በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው ወንበሩን ነው። ይቅርታ አልፈልግም፤ አጃቢ አልፈልግም፤ ጭነት መኪናም አያስፈልግም፤ በእጄ ይዤው እሄዳለሁ። የእኛ መሆኑን ከተጠራጠሩ አስገልብጠው የኋላውን የግራ እግር ሥር ይመልከቱ። ናሱንና የውድቅ ምልክቱን ያገኙታል። ከዚህ የሚበልጥ ደረሰኝ ልሰጥዎ አልችልም፤ እርስዎም አልሰጡኝም።

ባለቤቴ መጽሐፍ ላዘገየ ሰው ሦስት ጊዜ ትደውል ነበር፤ ሁልጊዜም በትሕትና። በአራተኛው ጊዜ ራሷ ቤቱ ትሄዳለች። ይህ ሰባተኛ ደብዳቤዬ ነው። ከእሷ ይልቅ ታጋሽ መሆኔን ብታይ ትገረም ነበር።

ወገብዎ እንዲጠና፣ ሰዓትዎ እንዳይዘገይ፣ በሄዱበት ሁሉ የሚቀመጡበት እንዳይታጣ እየተመኘሁ፣ ስለ አማካሪነትዎ፣ ስለ ማኅተምዎና ስለ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ዝቅ ያልኩትም በሴንቲ ሜትር ሊለካ በሚችል መጠን ነው።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
የሚዛንና መለኪያ መርማሪው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከማስረከቤ በፊት፣ ዛሬ ቅዳሜ፣ አማቴን ይዤ ኤግዚቢሽኑን ለማየት መጣሁ። እሳቸው «ለማየት ብቻ» ብለውኝ ነበር። መስታወቱ ገና ስላልተሠራ ወንበሩን የከበበው ቀይ ገመድ ብቻ ነው። አማቴ ጠባቂውን «ልጄ፣ እስቲ እጅህን ስጠኝ» አሉት፤ እሱም አስተዳደጉ ጥሩ ሆኖ ገመዱን ፈታ አድርጎ በአንድ እጁ ደገፋቸው፤ እሳቸውም ሄደው ተቀመጡ። «እናቴ፣ እዚህ አይቀመጥም፤ ንጉሡ የተቀመጡበት ነው» ቢላቸው «የተቀመጠው ተዋናዩ ነው። እሱንም ልጄ ሃያ ሦስት ዓመት ቀድማዋለች» አሉት። ሁለቱም እግራቸው መሬት ነክቷል። ይህን የምጽፈው ከአጠገባቸው ቆሜ፣ በኤግዚቢሽኑ በራሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። እርስዎን ለመጥራት ሰው ተልኳል ተባልን። ሲመጡ ወንበሩን ገልብጠው ምልክቱን ማየት ይችላሉ፤ ለመገልበጥ ግን አማቴ አስቀድመው መነሣት አለባቸው። ይነሣሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ ባለፈው ጊዜ ዘጠኝ ቀን መክረውበት ነበር።